አግዳሚ ወንበሩን መልሰው ልጄን ላስቀሩት ክቡር ሰብሳቢ

ግንቦት 2003 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

ለክቡር የሰፈራችን ትምህርት ቤቶች ማወዳደሪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት፤ በተለይም ስብሰባ ላይ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ እያልኩ፣ በሌላኛው የቤታችን ቋንቋ በኦሮምኛም አካም ጅርቱ፣ ነጋ ጅርቱ ብዬ ደግሜ፣ ከጉዳዬ ሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በየመድረኩ የሚደክመውን ጉሮሮዎን አላህ ያለስልሰው፤ በየአዳራሹ ተቀምጦ የሚውለው ወገብዎ አይያዝብን፤ የሰፈራችንን ሁለት ትምህርት ቤቶች ለማወዳደር ከመኪና ሳይወርዱ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የዋሉት አንገትዎም ይህን ደብዳቤ ጎንበስ ብሎ ለማንበብ የሚበቃ ጤና ይኑረው።

እኔ አብዱልጀባር በገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጥ፣ የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የዕድራችን፣ ዕቃ ያዥ የሆንኩ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ። ታላቂቱ ኢማን ትባላለች፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ወይም ነበረች። በሰኔ የክልሉ ፈተና ይሰጣል፤ እኩዮቿ ሁሉ የመፈተኛ ካርዳቸውን ተቀብለው በፕላስቲክ አስለብሰውታል፤ ኢማን ግን በእርስዎ ውድድር ምክንያት የየትኛውም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳትሆን ስለቀረች ካርድ የላትም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለክቡርነትዎ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፤ ነገሩ አቤቱታ እንዳይመስልብኝ ግን እያንዳንዱን ቁጥር በምስጋና እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውድድሩ ራሱ አመሰግናለሁ። እኛ አላዋቂዎቹ በሰፈራችን ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን እንጂ መወዳደር የሚችሉ መሆናቸውን አናውቅም ነበር። አንደኛው ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው የላይኛው ነው፤ ሌላኛው ከጎርፍ መውረጃው ቦይ ማዶ፣ መሬቱ ወደ ጨፋ ሜዳ ዘቅዘቅ ማለት ሲጀምር የሚገኘው የታችኛው ነው። በመካከላቸው ያለው ቦዩና በቦዩ ላይ የተጋደመው ሳንቃ ብቻ ነው፤ ልጅ ወደ የትኛው እንደሚሄድም የሚወስነው ቤቱ ከሳንቃው ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ነበር። በሁለቱም አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይነበባል፤ በሁለቱም የሽንት ቤቱ በር ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁለቱንም እኩል እያማን በሰላም እንኖር ነበር። እርስዎ መጥተው የላይኛውን «ሞዴል»፣ የታችኛውን «ድጋፍ የሚሻ» ብለው በሰሌዳ ከለጠፉልን ወዲህ ግን ሐሜታችን ሥርዓት ያዘ።

መመዘኛዎቹንም ቆሜ አንብቤያለሁ፤ አጥር፣ አበባ፣ በግድግዳ ላይ የተጻፈ ጥቅስ፣ ቤተ ሙከራ። በእነዚህ ሁሉ የላይኛው እንደሚበልጥ ማንም አይክድም። አበባው የሚጠጣው ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ከየቤታቸው በጀሪካን ተሸክመው የሚያመጡትን ውሃ ነው፤ የማያመጣ አይገባም። ማይክሮስኮፑም እንዳይሰበር ተብሎ እንደ ሙሽራ በነጭ ጨርቅ ተከናንቦ፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ ኪስ ይውላል፤ እስከ ዛሬ ዐይኑን ያስጠጋበት ልጅ አለ ሲባል አልሰማሁም። ለእኛ ለታችኞቹም ቢሆን ኮሚቴዎ አልጨከነም፤ «የአየር ዝውውር» በሚለው ተራ ከላይኛው በልጠናል። መስኮቶቻችን መዝጊያ ስለሌላቸው ነው ብዬ ደስታችንን አላበላሸውም።

ሁለተኛ፣ «ድጋፍ የሚሻ» ተብለን ስለተደረገልን ድጋፍ አመሰግናለሁ። ድጋፉ እንዲህ ነው፤ የክልል ጎብኚዎች ሊመጡ ነው በተባለ ጊዜ፣ ሞዴል ሞዴል መምሰል አለበት ተብሎ፣ ከታችኛው ትምህርት ቤት ደህና የሆነው ነገር ሁሉ እየተለቀመ ሳንቃውን ተሻገረ። የኢትዮጵያ ካርታችን ሄደ። የሳይንስ መምህራችን ሄዱ። በመጨረሻም ደወላችን ሄደ፤ ደወላችን ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ቸርኬ ሲሆን በዋንዛው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲመታ እስከ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። የላይኛው የራሱ የኤሌክትሪክ ደወል ነበረው፤ ነገር ግን መብራት ከሌለ አይጮኽም፣ መብራት ደግሞ እንግዳ በመጣ ቀን መጥፋት ይወዳል። ከዚያ ወዲህ የታችኛው ልጆች የሚገቡትም የሚወጡትም በማዶው ደወል ነው። ነፋሱ ከጨፋ በኩል የነፈሰ ዕለት ድምፁ ወደ እኛ ስለማይደርስ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ይረፍድባቸዋል፤ እርስዎም በሪፖርትዎ «የሰዓት አከባበር ችግር» ብለው ጽፈውልናል። ስለ ትኩረትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ አግዳሚ ወንበሮቹ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘረዝር ይታገሱኝ፣ የኋላው ነገር የሚገባው በዚህ ነውና።

ሰው ሲሞት የሚቀብረው የሰፈራችን ቅሬ፣ ሐዘንተኛ የሚያስቀምጥበት ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ለሰርግም ይዋሳሉ፤ ለኒካሕም፣ ለሌላውም። ዕቃው በየቤቱ ሲዞር ከሌላ ሰፈር ቅሬ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል በእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር በቀይ ቀለም የሰፈራችን ስም ተጽፏል። ቀለሙን የምቀባው እኔ ነኝ። ሰው ወንበር ሲመልስልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ፤ ቀይ ካላየሁ አልቀበልም፤ በዚህም ሰፈሩ ይስቅብኛል።

ጎብኚዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ከኮሚቴዎ ሰው መጥቶ፣ የላይኛው ልጆች በአንድ ዴስክ ተጨናንቀው እንዳይታዩ አግዳሚዎቹን ለአንድ ቀን አውሱን አለን። አዋስን። ማን ለትምህርት አይሆንም ይላል? በማግሥቱ ጠዋት እማማ አሻ ሞቱ። ሰፈሩን ግማሹን በእጃቸው ያዋለዱ እናት ናቸው። ሐዘንተኛው መጣ፤ የሚቀመጥበት የለም። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አንጥፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ወዴት ሄደ እየተባለ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ አስፋልቱ አያለሁ። የሟች ልጅ ረቢአ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ተዉት አብዱልጀባርን፤ እናቴ ሞዴል ሳትሆን ስለሞተች ነው» አለች። በሐዘን ቤት መሳቅ ነውር ባይሆን ኖሮ ድንኳኑ ይወድቅ ነበር።

ያም ሆኖ ክቡር ሆይ፣ ወንበሮቹን መልሰውልናል። ገልብጬ አይቻለሁ፤ ሁሉም ቀይ ነበሩ። ስለዚህ በእውነት፣ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ስለ ልጆቹ ነው።

ከወንበሮቹ ጋር በዚያው ዋዜማ የተዋሱት ልጆችም ነበሩ። የታችኛው ርዕሰ መምህር የሆኑት መምህር ሙጂብ ወደ ሱቄ መጥተው፣ ጨርቅ የሚገዙ መስለው አንዱን ጣቃ ሲዳብሱ ቆዩና፣ «አብዱልጀባር፣ ኢማንን ለነገ ብቻ ስጠኝ» አሉኝ። «ለማን?» ብል፣ «ለላይኛው፤ ጎብኚዎቹ ሲጠይቁ የሚመልስ ልጅ ጠፋ፤ ትእዛዝ ነው ወንድሜ፤ ነገ ማታ ቤትህ ናት» አሉ። ዓይናቸውን ከጨርቁ ላይ አላነሱም። ደህና ሰው ናቸው፤ እንደ እኔው የታዘዙትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አንዲት ቁና የተዋሰ ጎረቤት ሳይመልስ ቢያድር እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ልጄን ግን «ነገ ማታ» በሚል ቃል ብቻ ሰጠሁ። ባለቤቴ ዓዲላ፣ «ወንበር ስታውስ ሥሩን ታያለህ፤ ልጅህን ስታውስ ፊቷን እንኳ አላየህም» አለችኝ።

የእኛ ልጆች ሹራብ ሰማያዊ፣ የላይኛው አረንጓዴ ስለሆነ ለኢማን አረንጓዴ ሹራብ ተፈለገላት። የተገኘው የነጅዋ ሹራብ ነው። ነጅዋ የላይኛው ተማሪ ናት፤ በትምህርቷ ቀስ የምትል ልጅ ስለሆነች ከመሰሎቿ ጋር በዚያ ቀን «ቤታችሁ ዕረፉ» ተብላለች። ልጅቷ ግን አላረፈችም፤ የእናቷን ሻርፕ ለብሳ ከቦዩ ዳር ቆማ፣ ሹራቧ ክፍሏ ውስጥ እጁን እያወጣ ሲመልስ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ዋለች። ማታ ኢማን ልትመልስላት ስትሄድ፣ «ዛሬ ጎበዝ ነበርኩ አይደል?» አለቻት። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ ከውድድሩ ያተረፍነው ይህንን ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ከኢማን አፍ እንደሰማሁት ላቅርብ። ከጎብኚዎቹ ታላቅ የሆኑት ሰውዬ፣ «ቦርከና ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ኢማን ተነስታ ከደሴ በኩል እንደሚነሳ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ በጨፋ ሜዳ እንደሚያልፍ፣ በመጨረሻም አዋሽ እንደሚገባ በአማርኛ ተናገረች፤ በኦሮምኛም ድገሚው ቢሏት ደገመችው። ቁጭ በይ ሲሏት ግን አልተቀመጠችም፤ «ክረምት ደግሞ ሞልቶ እኛ ክፍል ይገባል» አለች። እኛ ክፍል ያለችው የታችኛውን ነው። ሰውዬው ቀልድ መስሏቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «ይህ የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው!» ብለው ትከሻዋን ይዘው ፎቶ ተነሱ። እርስዎም ከጎናቸው ቆመው በዚያው ፎቶ ውስጥ ፈገግ ብለዋል፤ ጥርስዎ በጣም ያምራል።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ ክቡር ሆይ፤ ነገሩ ራሱ ከቁጥር ወጥቷል።

ማታ ልጄ ቤቷ መጣች። በማግሥቱ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ወደ ታችኛው ሄደች። ስም ሲጠራ አልተጠራችም። ሪፖርቱ «የሞዴል ትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ኢማን አብዱልጀባር» ብሎ ወደ ክልል ስለሄደ፣ ከእኛ ስም ዝርዝር እንድትወጣ ትእዛዝ ወርዶ ነበር። መምህር ሙጂብን ብጠይቅ፣ «ወላሂ እጄ የለበትም፤ ሪፖርቱ የላይኛው ናት ይላል» አሉ። ሳንቃውን ተሻግሬ የላይኛውን ርዕሰ መምህር ብጠይቅ፣ «ይቺ እንግዳችን ነበረች እንጂ ተማሪያችን አይደለችም፤ መሸኛ የላትም፤ ሹራቡም የሰው ነው» አሉ። ሳንቃውን ተመልሼ መሸኛውን ብጠይቅ፣ «በስም ዝርዝራችን ለሌለች ልጅ መሸኛ እንዴት እንጽፋለን?» ተባልኩ። በዚያን ጊዜ የፈተናው ምዝገባ እየተካሄደ ነበር፤ ምዝገባው አለፈ። አሁን ሳንቃው እኔ ስመጣ ከሩቅ የሚያውቀኝ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ተስፋዬ እርስዎ ነበሩና አዳራሽዎ መጣሁ። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ደግሜ መጣሁ፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አጀንዳው «ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ አለማስቀረት» እንደነበረ በሩ ላይ አንብቤ ልቤ ረጋ አለ። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብለው ሁኔታውን አስረዱኝ፤ ሪፖርቱ ይታረም ከተባለ ልጅቱ ከታችኛው የመጣች መሆኗ ሊጻፍ ነው፤ እሱ ከተጻፈ የላይኛው ሞዴልነት ሊጠየቅ ነው፤ እሱ ከተጠየቀ ውድድሩ ሊፈርስ ነው፤ ውድድሩ ከፈረሰ ሰፈሩ ሁሉ ሊጎዳ ነው። «አንድ ልጅ ናት፤ ለከርሞ ትፈተናለች። ይልቅ ደስ ይበልዎ፤ ፎቶዋን አይተውታል?» አሉኝ።

አየኋት። በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ በነጅዋ ሹራብ ውስጥ ልጄ ትስቃለች፤ ከሥሯ «የውጤታችን ማሳያ» ተብሏል። በዚህ ከተማ ውስጥ ኢማን ተማሪ የሆነችበት ቦታ እርሱ ብቻ ነው። ሰው ልጁ ሲጠፋበት በየሚኒባሱ መናኸሪያ ይፈልጋል፤ እኔ የጠፋችው ልጄ የት እንዳለች ባውቅም ግድግዳ ላይ ስለሆነች ማውረድ አልቻልኩም።

ክቡር ሆይ፣ ብልሃት አጥቼ ብልሃት ላቅርብልዎ። ወይ ልጅቱን ከፎቶው ጋር ያስማሙልኝና ከሁለቱ በአንዱ ትመዝገብ፤ የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም፣ የሚበልጠውን የማወዳደሩ ሥራ የእርስዎ ነው። ወይም ፎቶው ይፈተን። መፈተኛው ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር አይጠፋም፤ ከጠፋም ቅሬያችን ያውሳል።

እስከዚያው ልጄ አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደ ታችኛው ትሄዳለች። ከሚሴ ውስጥ በራሷ ፈቃድ ያለ ስም የምትማር ልጅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። መምህሯ ስም ሲጠሩ የእሷ ተራ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ዝም ይላሉ። ኢማንም በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠራት፣ በቀስታ «አቤት» ትላለች። ከዚያ መምህሯ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ። ይህንን የነገረችኝ ታናሿ ሀዲጃ ናት፤ ኢማን ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር አትነግረኝም። ለእኔ የምትለኝ፣ «አባ፣ አጥንቻለሁ፤ ከጠሩኝ ዝግጁ ነኝ» ብቻ ነው። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ።

ይህንን ሁሉ አንብበው ለሚሰጡኝ ዝምታ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ የስብሰባ ዕድሜዎን አላህ እንዲያረዝመው፣ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አወዳድረው ሲጨርሱም ከተረፈ ጊዜ አንዱን እንዲያስተምሩልን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት፣ ከቦይ ማዶ፣ ከሳንቃው በታች፣ በ«አየር ዝውውር» አንደኛ ከወጣው ሰፈር፣

የቅሬው ዕቃ ያዥ፣ የግድግዳዎ ፎቶ አባት፣
አብዱልጀባር ሙሐመድዘይን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ እንደሚደገም ሰምቻለሁ። ሀዲጃ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ጎበዝ ናት፤ እሷንም ይዋሱብኛል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ የቅሬውን ቀይ ቀለም አውጥቼ በጫማዋ ሶል ላይ የታችኛውን ትምህርት ቤት ስም ጻፍኩበት፤ ሲመልሷት ገልብጠው ያዩልኛል። ኢማን ቆማ ስታየኝ ቆየችና የእሷንም ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። ቀባሁት፤ በላዩ የምጽፈው የትምህርት ቤት ስም ግን አጣሁ። ጫማው ፀሐይ ላይ ነው፤ ብሩሹንም አላጠብኩትም። መልስዎን እየጠበቅን ነው።